በረንዳው ላይ ውሃ የጠጣው ሰው

ከሰር የባሏን የደንብ ልብስ ስትተኩስ፣ ባሏ መስታወት ፊት ቆሞ ለዳኛ የሚናገረውን ይለማመድ ነበር። ኢንስፔክተር ባጊራት ዕድሜውን በፖሊስ ቤት የጨረሰ ሰው ነው፤ ሌባ ሲያሳድድ ላብ የማያውቀው ሰውዬ ግን ዳኛ ፊት ሲቆም ምላሱ ይተሳሰራል። ስለዚህ የፍርድ ቤት ቀጠሮ ባለው ጠዋት ሁሉ ቃሉን እንደ ተማሪ ያጠናል። «ተጠርጣሪ ፔማራምን ከእህል ገበያው ጀርባ ይዤ» አለ አገጩን ሳሙና እየቀባ፣ «ፊቱን በቀይ ፎጣ ሸፍኜዋለሁ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የግል ተበዳይ ወይዘሮ ጉላብ ከሰዎች መሃል ለይተው እስካወጡት ቀን ድረስ፣ ፊቱን ያየ ሰው የለም።» ጉሮሮውን ጠረገና የመጨረሻዋን ደገማት። «ፊቱን ያየ ሰው የለም።» የከሰር እጅ ካውያው ላይ እንዳለ ቀረ። የሚቃጠል ጨርቅ ሽታ አፍንጫዋን ሲመታት ነው ነቅታ ካውያውን ያነሳችው። ሸሚዙ ጀርባ ላይ ቡናማ ምልክት ወጥቷል፤ ደግነቱ ኮት ይደረብበታል።

«የጎቪንድ አባት» አለች፤ ስሙን ጠርታው አታውቅም፣ በልጃቸው ስም ነው የምትጠራው። «የእትዬ ጉላብን ሀብል የነጠቀው ያ ቀይ ፎጣ የተጠመጠመበት ልጅ ነው እንዴ?»

«ሌላ ማን መስሎሽ ነበር?»

«ለምሳ የገቡ ቀን እዚህ አስቀምጠውት ነበር እኮ። ውሃ ጠጥቷል።»

ባጊራት ምላጩን አየር ላይ አንጠልጥሎ በመስታወቱ ውስጥ አያት። «እና ውሃ ጠጣ ብዬ ልክሰሰው?» አለና በገዛ ቀልዱ ሳቀ። «ይልቅ ሸሚዜን አታቃጥዪ። ያንቺ ሥራ ማጠጣት፣ የእኔ ሥራ መመርመር። ዳኛው ያንቺን ኩባያ አይጠይቀኝም።»

ከሰር ልትመልስ አፏን ከፈተች። በዚህ መሃል ከደጅ «ከሰር! ደረስሽ ወይ?» የሚል ድምፅ መጣ። እትዬ ጉላብ ናቸው፤ ብቻዬን ዳኛ ፊት አልቆምም፣ አንቺ ካልሄድሽ እኔም አልሄድም ብለው ከሰሞኑ ሲለምኗት የከረሙ ጎረቤት። ከሰር አፏ ላይ የደረሰውን ዋጠች።

የዋጠችው ነገር ይህ ነበር። አምና በዚያ ምድር በሚግልበት ወር፣ ባሏ አንድ እስረኛ ይዞ ወደ ጣቢያ ሲመለስ፣ ረሃብ አላስችል ብሎት ቤቱ ጎራ አለ። እስረኛውን ከበረንዳው ምሰሶ ጋር በካቴና አስሮ፣ አንድ ፖሊስ ጠባቂ አቁሞ፣ እሱ የማሽላ ቂጣ ሮቲውንና እርጎ ወጡን ሊበላ ገባ። ጠባቂው ደግሞ ትምባሆ ሊገዛ ወደ ጥግ ሱቅ ሄደ። ከሰር በመስኮት ስታይ ፎጣው በላብ ርሶ አፉ ላይ ተጣብቋል፣ ሲተነፍስ ወደ ውስጥ ይሳባል። አንጀቷን በላት። ውሃ ለጠማው ሰው ሳያጠጡ መብላት በእሷ ቤት ነውር ነው፤ ሌባም ይሁን ጻድቅ ጉሮሮው አንድ ነው። ወጣችና ፎጣውን እስከ አንገቱ አወረደችለት፣ ከብረቱ ኩባያ ወደ አፉ አንቆረቆረችለት። ገና ጢም ያላበቀለ የሸንኮራ ጭማቂ ሻጭ ነበር፣ ዓይኑ ፈጦ። እየጠጣ ሳለ እትዬ ጉላብ ጎድጓዳ ሳህናቸውን ይዘው በጎን በር ገቡ። ወተት አፍልተው የእርጎ እርሾ አልቆባቸው ነው። ሀብላቸው ከአንገታቸው ከተመነተፈ ገና ሦስተኛ ቀናቸው ነበር፣ አንገታቸው ላይ ጭረቱ ይታያል። ልጁን ፊት ለፊት አዩት። «ቀስ ብለህ ጠጣ ልጄ፣ ትን ይልሃል» አሉት። ከዚያ ለከሰር «የማን ምስኪን ነው?» ብለው እርሾአቸውን ተቀብለው ሄዱ። ከሰርም ፎጣውን መልሳ ሸፈነችው። ባሏ የሥራውን ነገር ቤት አያወራም፣ ታስሮ የሚያልፈውም ብዙ ነው፤ ያ ልጅ በምን እንደተያዘ አልጠየቀችም። ሳምንታት አልፈው እትዬ ጉላብ «ከተሰለፉት ሰዎች መሃል ወዲያው ለየሁት፣ ፊቱ ዓይኔ ላይ ነበር» ብለው ሲያወሩላትም፣ ያንን ፊት ከዚህ ጋር አላገናኘችውም።

ተጠርጣሪ ፊቱ የሚሸፈነው ለይሉኝታ እንዳልሆነ የፖሊስ ሚስት ሁሉ ታውቃለች። ተበዳዩ ቀድሞ ካየው፣ ኋላ ከሰልፍ መሃል የሚያወጣው የበደለውን ሳይሆን ያየውን ነው። ከሰርን ክው ያደረጋት ግን ከዚህም የባሰው ነው። እትዬ ጉላብ ያንን ልጅ ዘረፋው በደረሰ በሦስተኛው ቀን ሁለት ክንድ በማትሞላ ርቀት አይተውት፣ ሌባዬ ነው አላሉም። ልጄ ነው ያሉት።

ባጊራት በሞተር ብስክሌቱ ቀድሟቸው ሄደ። ሁለቱ ሴቶች ባጃጅ ያዙ። እትዬ ጉላብ ለክብሩ ብለው ሰማያዊ ሳሪያቸውን ለብሰዋል፣ ባላቸው ባቡር ጣቢያ ጸሐፊ ሳሉ የገዙላቸውን። ሀብሉም የባላቸው ነበር፤ ከሞቱ ወዲህ ሴት ልጃቸው ሽጪው ስትላቸው፣ ጎረቤት አውልቂው ሲላቸው እምቢ ብለው ያኖሩት። መንገዱን ሙሉ ስለ ሽንኩርት ዋጋ አወሩ። ሽንኩርት እንዲህ ከተወደደ ደሃ በምን ሊያለቅስ ነው አሉ፣ በራሳቸው ነገር ሳቁ፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ከሰር ጠጋ አሉ። «ዳኛው ይቆጣል ይላሉ። ከተቆጣኝ ሁሉም ይጠፋኛል። ብቻ ያንን ፊት አልረሳም፣ እንደ ፎቶ ዓይኔ ላይ ተለጥፏል።» ከሰር የባጃጁን ብረት ይዛ መንገድ መንገዱን ታያለች። የተናገረች እንደሆነ ባሏ ጉድ ይፈላበታል፤ እስረኛ ይዞ ለምሳ ቤቱ መግባቱ በመዝገብ የለም፣ ጡረታው ደግሞ ደርሷል። ዝም ያለች እንደሆነ ያ ልጅ ዓመታት ሊበሰብስ ነው። ክፉ ነገር ሁሌም እንዲህ ነው፣ አንዱን ልታድን ስትል ሌላውን ያስጥልሃል።

የዐቃቤ ሕጓ ክፍል ከፎቅ በታች ነው፣ መስኮቱ ወደ ጀርባ ግቢ የሚያይ፣ መዝገብ እስከ ጣሪያው የተቆለለበት። ሱሚትራ የምትባል ቀጭን ሴት ናት፣ መነጽሯን በክር ከአንገቷ ጋር ያሰረች። እትዬ ጉላብን በትሕትና አስቀመጠቻቸውና የሚጠየቁትን አስረዳቻቸው። ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ከዚያ የተከሳሽ መቆሚያው ሳጥን ውስጥ የቆመውን ሰው አይተው እሱ ነው ወይም አይደለም ማለት። «የሚያውቁትን ብቻ ይናገሩ እማማ» አለች። «የማያውቁትን አላውቅም ይበሉ። ማንም አይቆጣዎትም።»

«መርማሪው ሁሉንም ያውቃል» አሉ እትዬ ጉላብ። «የዚህች ባል ነው እኮ።»

ሱሚትራ ወደ ከሰር ዞር አለች። «የኢንስፔክተሩ ባለቤት ነሽ? ባልሽ ጥሩ ሰው ነው፤ ግን እሱ የሚያመጣልኝን ነው እንጂ እኔ ስፍራው ላይ አልነበርኩም። እሱ ገበያ ወጥቶ ይሸምታል፣ እኔ አበስላለሁ። ሽንኩርቱ ውስጡ የበሰበሰ ቢሆን ቢላዬ ሳይነካው አላውቅም።»

ከሰር የሳሪዋን ጫፍ አፍተልትላ አፍተልትላ፣ ድምፅዋ ከራሷ እንዳልሆነ ሁሉ፣ «እንዲያው ለማወቅ ያህል… አንድ ሰው ከሰልፉ በፊት ፊቱን አይቶት ቢሆንስ?» አለች።

ዐቃቤ ሕጓ መነጽሯን ከዓይኗ አነሳች። «ያን ጊዜ መለየቱ ዋጋ የለውም» አለች ቀስ ብላ። «በዚህ መዝገብ ደግሞ ከመለየቱ በቀር ሌላ ነገር የለኝም። ሀብሉ አልተገኘ። ልጁም በዚያ ሰፈር ፖሊስ ሲያይ ሮጠ ነው የተባለው፤ በዚህ ከተማ ፖሊስ አይቶ የማይሮጥ ጭማቂ ሻጭ አላየሁም። ምነው፣ ያየው ሰው አለ?»

በሩ ላይ የባጊራት ጥላ አረፈ። የምስክሮቹ ተራ ከምሳ በኋላ መሆኑን ሊነግር ነው የመጣው። ከሰር «እንዲያው ነው የጠየቅኩት» አለችና ዓይኗን ሰበረች። ሱሚትራ አንዴ ከሰርን፣ አንዴ ኢንስፔክተሩን፣ አንዴ እትዬ ጉላብን አየች፣ ከዚያም መነጽሯን መልሳ አድርጋ መዝገቧን መግለጥ ጀመረች።

ግቢው ውስጥ ትልቅ የኒም ዛፍ አለ፤ ተከራካሪ ሁሉ ስንቁን የሚፈታው እዚያ ሥር ነው። ባጊራት ከባልደረቦቹ ጋር ሻይ ቤት ገባ። ከሰር የምሳ ሳህኗን ከፍታ ለእትዬ ጉላብ ድንችና ሮቲ አቀረበች። አጠገባቸው አንዲት ጥቁር ሴት በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች፣ እየበላች አይደለም። እትዬ ጉላብ ወሬ አያስችላቸውምና ብቻዋን መሆኗን አይተው «ብዪ እንጂ እህቴ፣ የታመመ ሰው አለሽ?» አሏት። ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች። «ለልጄ ነው ያመጣሁት። ከእስር ቤት ሲያመጡት እጁ ላይ ላደርግለት። አምናም ዘንድሮም አያስገቡልኝም።» ከዚያ ማንን እንደምታናግር ሳታውቅ ቀጠለች፤ ልጄ ሌባ አይደለም አላለችም፣ ያንን ሁሉም እናት ይላል። ጭማቂ መጭመቂያው ዝገት እየበላው ነው፣ ሲወጣ በምን ይሠራል ነው ያለችው። እትዬ ጉላብ አንድ ሮቲ በድንች ጠቅልለው ሊሰጧት እጃቸውን ዘረጉ። «ስሙ ማነው ልጅሽ?» አሉ።

«ፔማራም።»

የእትዬ ጉላብ እጅ አየር ላይ ቀረ። ሴትዮዋ ማን እንደሆኑ አላወቀችም፤ ሮቲውን በሁለት እጇ ተቀብላ ግንባሯን አስነካችና ወደ ክፍሎቹ በር ልትጠብቅ ተነስታ ሄደች።  የጽሕፈት መኪና ድምፅ ከጸሐፊዎቹ ጥላ ሥር ይሰማል። ከሰር እንዳያመልጣት ይመስል የሳህኑን ክዳን ይዛ ተናገረች።

«እትዬ ጉላብ፣ አምና እርሾ ፍለጋ የመጡ ቀን ትዝ ይልዎታል? በረንዳዬ ላይ ውሃ የሚጠጣ ልጅ ነበር።»

«የቱ ልጅ?»

«ቀስ ብለህ ጠጣ ልጄ፣ ትን ይልሃል ያሉት።»

 በአሮጊቷ ፊት ላይ መጀመሪያ የመጣው ቁጣ ነው። «እኔን ውሸታም ልታደርጊኝ ነው የመጣሽው?» አሉ። «ያ ፊት ዓይኔ ላይ አለ አልኩሽ። ማታ ማታ አየዋለሁ።»

«ያዩታል። አይተውታላ። እኔ ነኝ ያሳየሁዎት፣ ፎጣውን ያወረድኩት እኔ። እርስዎ አልዋሹም።» ከሰር ክዳኑን መሬት ላይ አስቀመጠች። «ብቻ ያን ዕለት ሌባዬ አላሉትም።»

እትዬ ጉላብ የቀረውን ሮቲ ጠቅልለው ሳህኑ ውስጥ መለሱት፣ የሳሪያቸውን ጫፍ አስተካከሉ፣ እጃቸውን አንገታቸው ላይ፣ ሀብሉ የነበረበት ቦታ ላይ አሳረፉ። የእሳቸው ስም ሲጠራ ከሰር ልትደግፋቸው እጇን ሰጠቻቸው። አልያዙላትም፤ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ብቻቸውን ገቡ።

ምስክር የሌላውን ምስክር ቃል እንዳይሰማ ባጊራት ኮሪደር ላይ ቀረ። ከሰር ምስክር ያልሆነች ተራ ሰው ናትና ከኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ዳኛው ጉንፋን የያዛቸው ደግ የሚመስሉ ሰው ናቸው። ፔማራም ከእንጨት ሳጥኑ ውስጥ ቆሟል፤ ጢም አብቅሏል፣ ከአምናው ከስቷል። እትዬ ጉላብ ማሉ። ሰዓቱን ተናገሩ፣ ወደ ቤተ መቅደስ ሲሄዱ መሆኑን ተናገሩ። «ሳጥን ውስጥ ያለውን ሰው ያውቁታል?» ሲባሉ ረጅም ሰዓት አዩት፣ «አውቀዋለሁ» አሉ። ጸሐፊው ጻፈ።  የመንግሥት ተከላካይ ጠበቃው እንቅልፉን ያልጠገበ ሰውዬ ነው፣ ሊጠይቅም አልጓጓ። ዐቃቤ ሕጓ ግን አልተቀመጠችም።

«እማማ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ» አለች ሱሚትራ። «ከሰልፉ ቀን በፊት ይህን ሰው አይተውት ያውቃሉ?»

ዳኛው ቀና አሉ። ጠበቃው ነቃ። የገዛ ምስክሩን እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ዐቃቤ ሕግ አይተው አያውቁም። እትዬ ጉላብ ምርኩዛቸውን ጠበቅ አድርገው ያዙ።

«አይቼዋለሁ» አሉ። «በመርማሪው ቤት በረንዳ ላይ፣ ውሃ ሲጠጣ። ቀስ ብለህ ጠጣ ልጄ ያልኩት እኔ ነኝ።» ከዚያ ማንም ሳይጠይቃቸው ጨመሩ። «ያን ዕለት አላወቅሁትም ነበር፣ ጌታዬ። ምስኪን ነው ብዬ ነው የሄድኩት።»

ፔማራም ግንባሩን የሳጥኑ እንጨት ላይ አሳረፈ። ጠበቃው ወደ እሱ ጎንበስ ብሎ ሲሰማው፣ «ነግሬዎት ነበር እኮ፣ አንዲት አሮጊት ልጄ አሉኝ ብዬ ነግሬዎት ነበር» ይላል ደጋግሞ። ዳኛው መሃረባቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ቆዩና ቀጣዩ ምስክር ይግባ አሉ።

ባጊራት ደረቱን ነፍቶ ገባ። ውስጥ የሆነውን አያውቅም። ጠዋት ያጠናውን ሁሉ በተርታ አወረደው፤ የእህል ገበያው፣ ቀይ ፎጣው። «ከዚያች ሰዓት ጀምሮ» አለ፣ «ፊቱን ያየ ሰው…» ዓይኑ ድንገት ከኋላ ወንበር ላይ ከከሰር ጋር ተገጣጠመ። ፊቷን በሳሪዋ ጫፍ አልሸፈነችም። ለማስፈራራትም ለመለመንም አላየችውም፤ ጠዋት ካውያውን ይዛ እንዳየችው ነው ያየችው። ጸሐፊው ጣቶቹን አንስቶ ይጠብቃል። ባጊራት ኮሌታውን በጣቱ ላላ አደረገ።

«የለም ልል ነበር» አለ በመጨረሻ። «ግን ምሳ ልበላ ቤቴ ገብቼ ነበር፣ እስረኛውንም በረንዳ ላይ ትቼዋለሁ። በመዝገብ አልጻፍኩትም። ውጪ ምን እንደሆነ አላየሁም። ሚስቴ ዛሬ ጠዋት ውሃ ጠጥቷል አለችኝ፣ እኔ ሳቅኩባት።»

ፔማራም በዋስ እንዲወጣ ዳኛው የዚያኑ ዕለት አዘዙ፣ የመርማሪውም ነገር ለአለቆቹ እንዲጻፍ። እናቱ ኮሪደሩ ላይ ቋጠሮዋን ፈትታ ሮቲ ስታጎርሰው ሰው ሁሉ እያለፈ ያያል። እትዬ ጉላብ በሌላ በር ወጥተው ብቻቸውን ባጃጅ ይዘው ሄዱ። ከሰር ከባሏ ኋላ ሞተር ብስክሌቱ ላይ ተቀምጣ እስከ ቤት ድረስ ጀርባው ላይ ያለውን ያቃጠለችውን ምልክት እያየች ሄደች፤ ኮቱን አውልቆት ነበር።  ቤት ገቡ። ራት አቀረበች፣ በላ። ሳህኑን አነሳች። ሊዘልፈኝ ነው ስትል አይዘልፋትም፣ ሊመታኝ ነው ስትል አይነሳም።

ሲመሽ ወተት አፈላች፣ ለራሷ እርሾ ጣል አድርጋ፣ እንደ ልማዷ አንድ ማንኪያ ለእትዬ ጉላብ በትንሽ ሳህን አስቀመጠች። ሰዓታቸው አለፈ፣ አልመጡም። ዛሬ ወተታቸው ሊበላሽ ነው ብላ ሳህኑን ይዛ በር ላይ ስትወላውል፣ ባጊራት በካናቴራው ብቻ ከወንበሩ ተነሳ። ሳህኑን ከእጇ ወሰደና ጫማውን ሳያደርግ ወጣ። ጎረቤት ሆኖ ሲኖር የእትዬ ጉላብን ደጅ በነጠላ ጫማ እንኳ ረግጦ አያውቅም፣ ሁሌ በቡትና በቆብ ነበር። ከሰር የሳሪዋን ጫፍ ራሷ ላይ ጣል አድርጋ ተከተለችው።

እትዬ ጉላብ በሩን ሲከፍቱ ዓይናቸው አብጧል። እርሾውን አዩ፣ ሰውዬውን አዩ። ግቡ አላሉም፣ ሂዱም አላሉም።

«እትዬ ጉላብ» አለ ባጊራት ሳህኑን በሁለት እጁ እንደያዘ፣ «ያን ዕለት ሀብልዎን ሲነጥቅዎ፣ ምን አዩ?»

«እጁን» አሉ። «ከኋላ ነው የመጣው። ሲሮጥ ደግሞ ጀርባውን፣ ቀዩን ሸሚዙን።»

«ፊቱንስ?»

«ፊቱን አላየሁትም።»

ባጊራት ከሰርን አያት፣ መልሶ እሳቸውን። «ታዲያ ያኔ ለምን አልነገሩኝም?»

«አልጠየቅከኝማ፣ ልጄ» አሉ እትዬ ጉላብ። «‹ቢያዩት ያውቁታል?› ነው ያልከኝ። የመንግሥት ሰው በዚያ ፀሐይ ደክሞ ቤቴ ድረስ መጥቶልኝ፣ አላውቅም ብዬ ላሳፍርህ?»